የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ እና የዘወትር ክትትል ያላቸው ሴቶች በኢትዮጵያ

የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። ካንሰር ሆኖ እስኪወጣ ዓመታት ይፈጃል፤ ቀድሞ ከተደረሰበት በአንድ ቀን ሕክምና ሊገታ ይችላል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ በተደረገው አገር አቀፍ የስቴፕስ ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ተመርምረው የሚያውቁት 3 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ ቶሎ የሚታሰቡት ጤና ጣቢያ የራቃቸው ሴቶች ናቸው። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ክትትል ያላቸው ግን በየቀጠሮው እዚያው ግቢ እየገቡ ሳይመረመሩ ይወጣሉ።

የክትትል ቀን እንዴት እንደሚውል ማየት ይበቃል። የስኳር ታካሚዋ ቁርስ ሳትቀምስ በማለዳ መጥታ ካርድ ታወጣለች። ደሟ ይመረመራል፣ ግፊቷ ይለካል፣ መድኃኒቷ ይታደስላታል፤ ከዚያ ፋርማሲ ትሰለፋለች። የማህፀን በር ምርመራው ያለው ብዙውን ጊዜ በእናቶች ጤና በኩል ስለሆነ ሌላ ወረፋ ይጠብቃታል። ሐኪሙ ካላነሳው እሷም አታነሳውም፤ «የያዘኝ ይበቃኛል» የምትልም አለች። ችግሩ የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በካናዳ ኦንታሪዮ የስኳር ሕመምተኛ ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ ሐኪም ዘንድ እየተመላለሱም ለካንሰር ምርመራ የጡት ራጅ የሚነሡት ግን ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል።

ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ታሪክ ከዚህ ይለያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት ከሌሎች ሴቶች 6 እጥፍ ነው። ፓዝፋይንደር የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት «አዲስ ተስፋ» ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት ከ16 ሺህ በላይ የሚሆኑትን መርምሯል። ዘዴው ቀላል ነው፦ ማህፀን በር ላይ የቀጠነ አቼቶ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ የነጣ ቦታ መኖሩ በዓይን ይታያል። ከተመረመሩት ከ10 አንዷ ያህል ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል ለውጥ ተገኝቶባታል፤ የተለወጠውን ቦታ በጋዝ በማቀዝቀዝ ለመታከም ብቁ ከሆኑትም አብዛኞቹ በዚያው ቀን ታክመዋል። ለውጤቱ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ምርመራና ሕክምናው በአንድ ጉብኝት ማለቁ ነው።

እዚህም ቢሆን እንቅፋት አለ። ከሕክምናው በኋላ ለአንድ ወር ያህል ከግብረ ሥጋ ግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። ኤች አይ ቪ እንዳለባት ለባሏ ያልነገረች ሴት ምን ምክንያት ትስጠው? የማቀዝቀዣው ጋዝ ሲያልቅ ደግሞ «በአንድ ቀን» የሚባለው ነገር ይቀራል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሁኔታቸው የተረጋጋ የኤች አይ ቪ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰዳቸው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን ምርመራውን ለማንሳት የሚያመቹት ቀናትም በዚያው ቀንሰዋል።

ብዙም የማይወራው የዕድሜ ጉዳይ ነው። በአቼቶ የሚደረገው ምርመራ የወር አበባ ከቆመ በኋላ አስተማማኝ አይደለም፤ መታየት ያለበት ክፍል ወደ ውስጥ ይገባልና። ስኳርና ግፊት ደግሞ የሚበረታው በዚያው ዕድሜ ነው። ደም ቢፈሳት እንኳ በግፊቱ መድኃኒት ልታሳብበው ትችላለች፤ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ግን ሁልጊዜ መታየት አለበት።

ለማህፀን በር ካንሰር መንስኤ የሆነውን ቫይረስ (ኤች ፒ ቪ) የሚፈልገው የዲ ኤን ኤ ምርመራ ከእነዚህ አንዳንዶቹን ያቃልላል። ናሙናውን ሴትየዋ ራሷ መጋረጃ ጀርባ ልትወስደው ትችላለች፤ ስትሮክ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ኖሮባት ከፍ ያለ አልጋ ላይ መውጣት ለሚከብዳት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውጤቱ በዚያው ቀን ካልደረሰ ግን ተመልሳ መምጣት ይኖርባታል። ለዚህ አዲስ ቀጠሮ ከመስጠት ይልቅ ከመድኃኒት መውሰጃዋ ቀን ጋር ማያያዝ ይሻላል፤ ቫይረሱ ከተገኘባት ደግሞ ያን ቀን ሳይጠብቁ መደወል ነው።