“ፖላራይዝድ” ምንድን ነው? ጥቁር ማለት አይደለም

“ጋሼ፣ ይሄኛው ፖላራይዝድ ነው። ጥቁረቱን አዩት?”

ጣና ዳር መነጽር የሚያዞር ልጅ ነው እንዲህ ያለኝ። እሱ ላይ አልፈርድም፤ ያከፋፈለው ሰው የነገረውን ነው የነገረኝ። ያናደደኝ ሰሞኑን ያነበብኩት ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው ፖላራይዝድ መነጽር አድርጎ ስልኩን ሲያይ ስክሪኑ ጠቆረበት። ከዚያ “መነጽሩ የስልኩን ጎጂ ጨረር ስለሚያግድ ነው” ብሎ ለሰው አስተማረ። ስንቱ ተቀባበለው!

ወንድሜ፣ ስልክህን ሩብ ዙር አዙረው። ብርሃኑ ይመለሳል። ጎጂ የነበረ ጨረር ስልኩ ስለዞረ ብቻ ደህና ይሆናል?

ነገሩ የጥቁረት ሳይሆን የአቅጣጫ ነው። ብርሃን ሲጓዝ ወደ ጎን ይርገበገባል። የፀሐይ ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ ይርገበገባል። አንድ አቅጣጫ ብቻ ተመርጦ ሲቀር ፖላራይዝድ ሆነ እንላለን።

ቅዳሜ ገበያ የሚመጣውን ገበሬ አስቡት። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ጣል አድርጎበት ይሄዳል። ጠባብ በር ቢገጥመው እንዲያ ሆኖ አያልፍም። ዱላውን ቀጥ አድርጎ የያዘው ግን ሰተት ብሎ ይገባል። አንዱን አቅጣጫ መርጦ የሚያሳልፈው ፖላራይዘር ያ ጠባብ በር ነው። ቀጥሎ ዝቅና ሰፋ ያለ ሌላ በር አለ እንበል። በመጀመሪያው ያለፉት ሁሉ ዱላቸውን ያቆሙ ናቸውና እዚህ ይቀራሉ። በሁለቱ በሮች መሀል ቆሞ “ዱላህን አጋድም” የሚል ሰው ካለ ግን ያልፋሉ። ኤልሲዲ ስክሪን በቃ ይሄ ነው። ሁለት በር፣ መሀል ላይ እንደዚያ ሰው አቅጣጫውን የሚያዞር ፈሳሽ ክሪስታል። ኤሌክትሪክ ሲነካው ክሪስታሉ ማዞሩን ይተዋል፣ ያቺ ነጥብ ትጨልማለች። (በአንዳንድ ስክሪኖች ተቃራኒው ነው።) ስለዚህ ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን ቀድሞም ፖላራይዝድ ነው። መነጽራችሁ ሦስተኛ በር ሆነበት፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ምሳሌው ሁለት ቦታ ላይ ይሰበራል። ዱላ ለሁለት አይከፈልም፤ በ45 ዲግሪ የመጣ ብርሃን ግን ግማሹ ያልፋል፣ ያለፈውም የበሩን አቅጣጫ ይዞ ይወጣል። ደግሞም የመነጽሩ ፊልም ተወጥሮ የተሠራ ፕላስቲክ ነው። በውስጡ የተደረደሩት ረጃጅም ሞለኪውሎች የሚውጡት በእነሱ ቁመት ልክ የሚርገበገበውን ብርሃን ነው። “ብርሃኑ በሞለኪውሎቹ መሀል ቁመታቸውን ተከትሎ ይሾልካል” ብለው ከአጥር ርብራብ ጋር የሚያመሳስሉት ሰዎች እዚህ ላይ ይገለብጡታል።

የመጀመሪያው በር ግማሹን ብርሃን ይበላል። የስልክ ባትሪ አንዱ ጠላት ይሄ ነው። ለዚህም የማያልፈውን ብርሃን ከመዋጥ ይልቅ ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ዕድል የሚሰጥ ፊልም ተሠርቷል። ይህ የአቅጣጫ ነገር በዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥም ይሠራል፤ ዲስኩን ነክቶ የተመለሰው ሌዘር ከሄደው የሚለየው አቅጣጫው 90 ዲግሪ ስለዞረ ነው።

ታዲያ መነጽሩ ለምን ይጠቅማል? ከውሃ ላይ የሚንጸባረቅ ብርሃን በአብዛኛው አግድም ይርገበገባል። ማሉስ የተባለው ፈረንሳዊ በ1808 ፓሪስ ላይ ከመስኮት የተንጸባረቀ ፀሐይ በክሪስታል ሲያይ ነው ይህን ያስተዋለው። መነጽሩ አግድሙን ይከለክላል፣ ነጸብራቁ ይጠፋል። ጥቁር ቀለም ብቻ ያለው መነጽር ግን ነጸብራቁንም ዓሣ አጥማጁንም ታንኳውንም እኩል ያደበዝዛል። “የሐይቁን ወለል ያሳያል” የሚሉትን ግን አትመኑ። ጣና ደለል አለበት፤ ደለልን ፖላራይዘር አያጠራውም።

ከአልትራቫዮሌት፣ ማለትም ከማይታየው የፀሐይ ጎጂ ጨረር፣ መከላከልም ሌላ ነገር ነው። ለእሱ “ዩቪ 400” የሚል የመከላከያ ምልክት ያለውን ጠይቁ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም። መከላከያ የሌለው ጥቁር መነጽር ብሌናችሁን አስፍቶ ጎጂውን ጨረር ያስገባዋል። እኔ ከጥቁረቱ በላይ የምፈራው ይህን ነው።

ስትገዙ በካልኩሌተር ስክሪን ፊት መነጽሩን አዙሩት። ጠቁሮ ከተመለሰ እውነተኛ ነው። በስልክ ከሞከራችሁና ካልጠቆረ ግን ልጁን ውሸታም አትበሉት፤ እንዳይጠቁሩ ተደርገው የተሠሩ ስልኮች አሉ። ያለበለዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ወይም ከሰዓት 10 ሰዓት አካባቢ ሐይቁ ዳር ውረዱ። ያኔ ፀሐይዋ ለዚህ በሚመች ከፍታ ላይ ናት። በፀሐይ በኩል ያለውን የሚያብረቀርቅ ውሃ በመነጽሩ እያያችሁ አንገታችሁን ወደ ትከሻችሁ ዘንበል አድርጉ። ጠፍቶ የነበረው ነጸብራቅ ተመልሶ ይመጣል።