ንግዷን ሳትተው ቤቷን የከፈተችው ልድያ

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችን ጋር ይሁን።

ብዙ ነጋዴ እናቶቻችን ስለ መንፈሳዊ ሕይወት ሲነሳ አንገታቸውን ይደፋሉ። «እኔ ምን አለኝ ብለህ ነው ልጄ፤ ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ነው ኑሮዬ» ይላሉ። ልጆቻቸው ያደጉት፣ የወንድማቸው ልጅ የተማረው፣ ዘመድ ሲታመም መታከሚያ የተገኘው ከዚያችው ሱቅ ነው። እነሱ ግን ይህን ከጽድቅ አይቆጥሩትም። ለእነዚህ እናቶች ዛሬ ስለ ልድያ ልንገራቸው።

ታሪኳ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ይገኛል። የትያጥሮን ሰው ናት። ትያጥሮን ዛሬ ቱርክ ውስጥ አክሂሳር የምትባለው ከተማ ናት፤ በጥንት ጊዜ በጨርቅ ማቅለም ትታወቅ ነበር። ልድያ ግን ስትነግድ የምናገኛት ባሕር ማዶ፣ መቄዶንያ ውስጥ፣ በፊልጵስዩስ ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ቀይ ሐር የሚለውን፣ ባለሥልጣንና ባለጸጋ የሚለብሰውን ውድ ጨርቅ ትሸጣለች። ፊልጵስዩስ እንደ ሮም ወይም እንደ አንጾኪያ ግዙፍ ከተማ አልነበረችም። ጡረታ የወጡ የሮም ወታደሮች ሰፍረውባታል፤ ነዋሪዎቿም በሮማዊነታቸው ይኮሩ ነበር።

እንዲህ ባለ ከተማ ለሰንበት ብሎ ገበያ የሚዘጋ የለም። ልድያ ግን በሰንበት ቀን ከከተማው በር ውጭ፣ ወንዝ ዳር፣ ከሴቶች ጋር ለጸሎት ወጥታ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስና ባልደረቦቹ መጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና ማስተማር ጀመሩ። እግዚአብሔርም ልቧን ከፈተላት። እሷም በቤቷ ያሉትም ሁሉ ተጠመቁ። ስለ ባሏ ምንም አልተጻፈም። ቤቱ በእሷ እንደሚተዳደር ግን «ወደ ቤቴ ገብታችሁ ኑሩ» ከሚለው ንግግሯ ይታወቃል።

ሐዋርያቱ መጀመሪያ እሺ ያሉ አይመስልም፤ ቅዱስ ሉቃስ «በግድም አለችን» ብሎ ጽፏል። የኛን እናቶች ግብዣ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያሉ ይዘው የሚያስቀሩ እናቶች በየቤታችን አሉ። ቅዱስ ጳውሎስም እምቢ ማለት አልቻለም።

እኔን እጅግ የሚደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጳውሎስና ሲላስ በገበያው መካከል ልብሳቸው ተገፈፈ፤ በበትር ተደበደቡ፤ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ታሰሩ። ክሱ «ለሮማውያን የማይገባ ልማድ ያስተምራሉ» የሚል ነበር። በማግስቱ ሹማምንቱ ከከተማው እንዲወጡ ለመኗቸው። ከወህኒ ወጥተው መጀመሪያ የሄዱት ወደ ልድያ ቤት ነው።

እስቲ በነጋዴ ዓይን እንየው። ቀይ ሐር የሚገዛው እኮ ያው ሮማዊው ባለሥልጣንና ሀብታሙ ነው። በአደባባይ የተገረፉ እስረኞች ቤቷ ሲገቡ ጎረቤት ያያል። ወሬ በአንድ ቀን ከተማውን ያዳርሳል፤ ደንበኛም ወሬ ሲሰማ ይሸሻል። ልድያ ይህን ሳታውቀው አትቀርም። በሩን ግን ከፈተች። እነ ጳውሎስ ሲገቡ ውስጥ ወንድሞች ነበሩ። የነጋዴዋ ቤት የምእመናን መሰብሰቢያ ሆኗል ማለት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ያጽናናቸውና ከከተማዋ የወጣው ከዚያ ቤት ነው።

እናቶቼ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በራችሁ ላይ ለሚቆመው የቆሎ ተማሪ የምታካፍሉት እንጀራ፣ ተራችሁ ሲደርስ በቤታችሁ የምታወጡት ጽዋ ከልድያ ሥራ የተለየ አይደለም። እግዚአብሔር ልድያን ንግድሽን ተዪ አላላትም። በሰንበት የምትወጣበትን ወንዝ ዳር ግን ገበያ አልወሰደባትም። ስለዚህ ገበያው ምንም ቢደራ የቅዳሴውን ሰዓት አትሽጡት። ልጆቻችሁንም እጃቸውን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ፤ ልድያም የተጠመቀችው ብቻዋን አልነበረም።

ቅዱስ ጳውሎስ ቆይቶ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ በተሰሎንቄ ሳለ እንኳ አንድ ሁለት ጊዜ እርዳታ እንደላኩለት ያስታውሳል። ከመቄዶንያ ሲወጣ በመስጠትና በመቀበል ከእነርሱ በቀር ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንዳልተባበረውም ይመሰክርላቸዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።