«ከመደበኛ በላይ ዝናብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ክረምት ሊገባ ሲል የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያው ብቅ ይልና፣ ለምሳሌ፣ «ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20» ይላል። ብዙ ሰው ዝናቡ በ45 በመቶ ይጨምራል ብሎ ይረዳዋል። እንደዚያ አይደለም።

ባለሙያው ትምህርት ቤት ሲጋበዝ ይህን ቢያሠራቸው ልጆቹ ቶሎ ይገባቸዋል። የአካባቢውን የ30 ዓመት የክረምት ዝናብ መጠን በ30 ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሩት። የታችኞቹ 10 ወረቀቶች «ከመደበኛ በታች»፣ መሃለኞቹ 10 «መደበኛ»፣ የላይኞቹ 10 «ከመደበኛ በላይ» ናቸው። ምንም ፍንጭ ከሌለ የእያንዳንዱ ክፍል ዕድል 33 በመቶ ገደማ ነው። 45 ከተባለ ወደ እርጥቡ አጋድሏል ማለት ነው። ግን ደረቅ ክረምትም አልተሰረዘም፤ 20 በመቶ ዕድል አለው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ገበሬውን መጉዳት ነው ባይ ነኝ።

«መደበኛ» የሚባለውም እንደየቦታው ነው። ዝናብ ለሚበዛባት የምዕራብ ኢትዮጵያዋ ጎሬ መደበኛ የሆነው ዝናብ ደረቅ በሆነችው መቀሌ ላይ ቢወርድ ጉድ ይፈላል።

ደግሞ ቁጥሩ የሚናገረው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርደው ድምር ብቻ ነው። ድምሩ መደበኛ ሆኖ፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሁለት ሳምንት ሊጠፋ፣ ነሐሴ ላይ ሊያጥለቀልቅ ይችላል። ጤፍ የሚዘራ ሰው ዝናቡ መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ለብቻው ይጠይቅ፤ የ10 ቀኑን ትንበያም ይከታተል።