ትሪማፕ ምንድን ነው? ትልቁ ሳጥንስ ለምን ቆሻሻ አይደለም?

«ሃርድ ዲስክህ ከሞላ ዊንዲርስታትን ክፈት፤ ትልቁን ሳጥን ፈልገህ አጥፋው፤ ቆሻሻው እሱ ነው።» ይህን ምክር ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት፤ አሁንስ በዛ። ዊንዲርስታት ዲስኩን ምን እንደሞላው በሳጥኖች ሥዕል የሚያሳይ ፕሮግራም ነው፤ ሥዕሉም ትሪማፕ ይባላል። የጠፋ ፋይል ማስመለስ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ ምክሩን የተከተሉ ሰዎች መጨረሻቸው እኔ ዘንድ ነው። ባለፈው ወር ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ወጣት መጣ። የሥዕሉን ግማሽ የያዘውን ሳጥን ደምስሶታል፤ ሳጥኑ ገና ያልተቀናበረ የሠርግ ቪዲዮ ነበር።

ትሪማፕ የሚያሳየው ስፋትን ብቻ ነው። አባት ማሳውን ለልጆቹ፣ ልጆቹም ድርሻቸውን ለልጆቻቸው እንደሚሸነሽኑት፣ ፎልደርም ቦታውን በውስጡ ላሉት ፎልደሮችና ፋይሎች እንደየመጠናቸው ያካፍላል። በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው ቤን ሽናይደርማን ሐሳቡን ያፈለቀው 14 ሰዎች የሚጋሩት የ80 ሜጋባይት ዲስክ ሞልቶ ሲያስቸግር ነው። ጥያቄው «ቦታውን ማን ያዘው?» እንጂ «ምኑ ይጣል?» አልነበረም። የመጀመሪያው አሸናሸን ማሳውን በሬ ማዞር እስኪያስቸግር ድረስ ያቀጥነው ነበር፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ወደ ካሬ የተጠጋውን አመጡ።

ታዲያ የማሳ ስፋት የበቀለበትን አይናገርም። ጤፍ ይሁን አረም የሚያውቀው ገብቶ ያየ ሰው ነው። የዊንዲርስታት ቀለምም የፋይሉን ዓይነት እንጂ አደገኛነቱን አያመለክትም።

መካሪው «ዊን ኤስ ኤክስ ኤስ የተባለው የዊንዶውስ ፎልደርስ ያን ሁሉ ጊጋባይት ይዞ ምን ይሠራል?» ይላል። በዚያ ካሉት ፋይሎች ብዙዎቹ በሌላ ፎልደርም ተመዝግበዋል። አንድ ማሳ በሁለት ወንድማማቾች ስም ተመዝግቦ ቀያሹ ሁለት ጊዜ ቢለካው፣ መሬቱ በወረቀት ላይ እጥፍ ይሆናል እንጂ አይሰፋም። አንዳንዱ ፕሮግራም ይህን ለይቶ ይቆጥራል፤ አንዳንዱ ሁለቴ ይደምራል። ፎልደሩን በእጅ የደመሰሰ ሰው ግን ዊንዶውስን ያበላሻል።

ካነሳሁት አይቀር፦ ተሳስታችሁ ከደመሰሳችሁ ኮምፒውተሩን ወዲያውኑ አጥፉት፤ የማስመለሻ ፕሮግራምም በዚያው ዲስክ ላይ አትጫኑ። በቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ሌላ ፋይል እስካልተጻፈበት ድረስ ተስፋ አለ። ኤስኤስዲ በሚባለው በአዲሱ ዓይነት ዲስክ ግን ትሪም የሚባለው ትእዛዝ የተደመሰሰውን ቦታ ባዶ ነው ብሎ ለዲስኩ ያስታውቃል፤ ዲስኩም ያጸዳዋል። የወጣቱ ዲስክ ኤስኤስዲ ነበር፤ የመጣውም በሦስተኛው ቀን ነው። ቪዲዮው የነበረበትን ቦታ ሳነበው ያገኘሁት ዜሮ ብቻ ነው።