«መህሩን ማን ሰጠ፣ ማንስ ተቀበለ?»

በኢራን ሁለት ቤተሰቦች ለጋብቻ ሲስማሙ እሺታው የሚቆረጥበት ምሽት አለ፤ «ባሌ ቦሩን» ይሉታል። ሻይና ጣፋጭ ቀርቦ ነገር ወደ መህር፣ ለሙሽራዪቱ ወደሚሰጠው የጋብቻ ሀብት፣ ይዞራል። የሙሽራዪቱ ወገን ሦስት መቶ የወርቅ ሳንቲም ሲል የሙሽራው አባት ፊት ይጨልማል። ይኼኔ አንዱ አዛውንት «ሜህሪዬ ሮ ኪ ዳዴ፣ ኪ ጌሬፍቴ?» ይላል። መህሩን ማን ሰጠ፣ ማንስ ተቀበለ? ይጻፍ ግዴለም፣ ለክብር ነው፣ የሚጠይቅ የለም ማለቱ ነው። ግንባር ይፈታል፤ ቁጥሩም ይጻፋል።

መህር የእኛም ሙስሊሞች እንደሚያውቁት ባል ለሚስቱ፣ ለራሷ የሚሰጠው ሀብት ነው። በኢራን ግን ብዙውን ጊዜ ዕዳ ሆኖ በውሉ ላይ ይቀመጣል። የአገሪቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1082 ሚስት ውሉ እንደታሰረ የመህሯ ባለቤት ናት ይላል። አባባሉ እንግዲህ በሕግ ፊት ስሕተት ነው።

በኑሮ ግን እውነት ሆኖ ቆይቷል። የመፍታት መብት በዋናነት የባል ስለሆነ፣ መለየት የፈለገች ሴት ብዙ ጊዜ መህሯን ትታ ትወጣለች። ለዚህም ሌላ አባባል አላቸው፤ «ሜህራም ሀላል፣ ጁናም አዛድ»፤ መህሬ ይቅርልህ፣ ነፍሴ ነጻ ትውጣ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ የፊተኛው አባባል ያስቆጣኛል። የአዛውንቱ ማጽናኛ የቆመው ሴቲቱ መብቷን መጠየቅ ስላልቻለች ነው።

ዛሬ ትጠይቃለች። የተማሩት ሴቶች በዝተዋል፣ ፍቺም እንደ ድሮው አያሸማቅቅም። መህሩ የሚቆጠረው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1979ኙ አብዮት በኋላ በወጣው፣ «የነጻነት ጸደይ» በሚባለው ሳንቲም ነው፤ ስምንት ግራም ያህል ወርቅ። የኢራን ገንዘብ ሪያል በረከሰ ቁጥር የሳንቲሙ ዋጋ ይንራል፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2018 ሽቅብ ሲተኮስ በቀላሉ የተጻፈው ቁጥር ከባድ ዕዳ ሆነ። መክፈል ያቃታቸው ባሎች ታሰሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የቤተሰብ ሕግ እስራትን እስከ 110 ሳንቲም ባለው ዕዳ ገድቦ ነበር።

አንዳንድ ሴት ሙሽሮች አሁን ለነቢዩ፣ ለልጃቸው ለፋጢማና ሺዓዎች ለሚያከብሯቸው አሥራ ሁለቱ ኢማሞች መታሰቢያ አሥራ አራት ሳንቲም ብቻ ይቀበላሉ። በምትኩ የመፍታት ውክልና፣ የመማር፣ የመሥራትና ከአገር የመውጣት ፈቃድ በውሉ ላይ ተጽፎ እንዲፈረምላቸው ይጠይቃሉ።