የጤና ቁጠባ ሂሳብ ለጡረታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ከፍተኛ ዲዳክቲብል (መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ የሚከፍለው መጠን) ያለው የጤና መድን የያዘ ሰው ኤችኤስኤ የተባለውን የጤና ቁጠባ ሂሳብ መክፈት ይችላል። ሂሳቡ ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ ያለ ቢሆንም፣ ስለ እሱ የሚወራው የተሳሳተ ነገር አንዱን ለጡረታው ሊያከማች ከሚችለው ገንዘብ ሲያጎድለው፣ ሌላውን ደግሞ ለቅጣት ይዳርገዋል።

«ዓመቱ ሲያልቅ ያልተጠቀምኩበት ገንዘብ ይቀርብኛል» የሚለው ስጋት የመጣው ኤፍኤስኤ ከሚባለው ሌላ ሂሳብ ጋር ከማምታታት ነው። የኤችኤስኤ ገንዘብ ከዓመት ወደ ዓመት ይሸጋገራል፤ ሥራ ቢለቀቅም የሠራተኛው ንብረት ሆኖ ይቀጥላል።

«ገንዘቡን ካስገባሁት በራሱ ያድጋል» ብለው የሚያስቡም አሉ። በአብዛኛው ግን ባለቤቱ ራሱ እንደ ኢንዴክስ ፈንድ (የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የያዘ ፈንድ) ያለ መዋዕለ ንዋይ እስኪመርጥለት ድረስ ገንዘቡ በጥሬው ተቀምጦ ይቆያል፤ ሃያ ዓመት እንዲህ የተቀመጠ ገንዘብም በዋጋ ንረት ይሸረሸራል።

«ለሕክምና ካልሆነ በቀር ፈጽሞ አይወጣም» የሚባለውም ትክክል አይደለም። ከ65 ዓመት በፊት ለሌላ ጉዳይ የወጣ ገንዘብ የገቢ ግብርና 20 በመቶ ቅጣት ያስከፍላል፤ ከ65 በኋላ ግን ቅጣቱ ቀርቶ የገቢ ግብሩ ብቻ ይከፈላል፣ ይህም በአሠሪ በኩል ከሚገኘው መደበኛ የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ፣ ከፎር ኦ ዋን ኬ ጋር ያመሳስለዋል። ለሕክምና ከዋለ ደግሞ ሲገባም፣ ሲያድግም፣ ሲወጣም የፌዴራል የገቢ ግብር አይነካውም፤ በአሠሪው በኩል ከደመወዝ ሲቆረጥ ከሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) እና ከሜዲኬር (በዋናነት ከ65 ዓመት በላይ ላሉ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) 7.65 በመቶ ግብርም ነጻ ነው። ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲ ግን በክፍለ ግዛት ደረጃ ግብር ያስከፍሉበታል። በ2026 ወደ ሂሳቡ ማስገባት የሚቻለው ጣሪያ ለአንድ ሰው 4,400፣ ለቤተሰብ 8,750 ዶላር ሲሆን፣ 55 ዓመት የሞላው 1,000 ዶላር መጨመር ይችላል።

በእኔ እምነት ለጡረታ አሳቢዎች ትልቁ ጥቅም የተሰወረው «የሕክምና ወጪ በዚያው ዓመት ከሂሳቡ መከፈል አለበት» በሚለው እምነት ውስጥ ነው። ሕጉ ለዚህ የጊዜ ገደብ አላስቀመጠም። በ2026 ለጥርስ ሕክምና 1,200 ዶላር ከኪሱ የከፈለ ሰው፣ መድን ያልመለሰለትን ይህን ወጪ የሚያሳየውን ደረሰኝ ጠብቆ ካቆየ፣ ገንዘቡ በሂሳቡ ውስጥ ሲያድግ ከርሞ በ2046 ያንኑ 1,200 ዶላር ያለ ግብር ማውጣት ይችላል። ወጪው ሂሳቡ ከተከፈተ በኋላ የተደረገ መሆን ስላለበት፣ በትንሽ ገንዘብም ቢሆን ቀደም ብሎ መክፈት ይበጃል።

«አዲስ አበባ ያሉ እናትና አባቴን አሳክምበታለሁ» የሚለው ሐሳብ ከልብ የመነጨ በመሆኑ እውነታውን መናገር ይከብዳል፤ ዝም ማለት ግን ይጎዳል። የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ያልሆኑ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ወላጆች፣ ልጃቸው ሙሉ በሙሉ ቢጦራቸውም እንኳ፣ በግብር ሕጉ ጥገኛ ተብለው ስለማይቆጠሩ፣ ለእነሱ ሕክምና የወጣው ገንዘብ ግብርና ቅጣቱን ያስከትላል። የሂሳቡ ባለቤት ራሱ ለጥየቃ ሄዶ ቢታመምና እዚያው ቢታከም ግን የሆስፒታሉ ደረሰኝ ተቀባይነት አለው።

«ለሁሉም ሰው ይበጃል» የሚለው ምክርም በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል፤ ስኳር ላለበትና በየወሩ መድኃኒት ለሚገዛ፣ ወይም ልጅ ለሚጠብቅ ቤተሰብ፣ ከፍተኛው ዲዳክቲብል ከግብር ቁጠባው ሊበልጥ ይችላል።

በመጨረሻም «እየሠራሁ እስካለሁ ድረስ አስገባለሁ» ለሚሉ፦ ሜዲኬር ውስጥ የተመዘገበ ሰው ማስገባት አይችልም። ከ65 ዓመት በኋላ ዘግይቶ የሚመዘገብ ሰው የሜዲኬር ክፍል ኤ (የሆስፒታል መድን) ሽፋኑ እስከ 6 ወር ወደ ኋላ ተመልሶ ስለሚቆጠር፣ ማስገባቱን ከምዝገባው 6 ወር አስቀድሞ ማቆም ይኖርበታል።