የቪዲዮ ማጉያ ቺፕ ምንድን ነው?

በአንዳንድ የድሮ የጌም ማሽኖች ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለማትን ለየብቻቸው የሚይዘው አርጂቢ ሲግናል ቢኖርም ወደ ቴሌቪዥን የሚሄደው ኬብል ላይ አይደርስም። እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የኤንኢሲ ጌም ማሽን፣ በፒሲ ኢንጂን፣ አርጂቢው የሚገኘው ከጀርባው ባለው የማስፋፊያ መሰኪያ ላይ ብቻ ነው። ሽቦ በይዶ በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ መውሰድም አያዋጣም፤ ከዚያ የሚወጣው ሲግናል የቴሌቪዥኑን 75 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ጭነት ለመሸከም የሚያስችል አቅም የለውምና። የቪዲዮ ማጉያ ቺፕ የሚባለው ይህን ደካማ ሲግናል ተቀብሎ ኬብሉን ለመንዳት በሚበቃ ጉልበት የሚያወጣ ትንሽ አይሲ (በአንድ ቁራጭ ላይ የተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ወረዳ) ነው።

በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲኤችኤስ7314 ነው። ባለ ስምንት እግር ሲሆን ከ1 እስከ 3 ያሉት እግሮች መግቢያ፣ 4ኛው የኃይል መስመር፣ 5ኛው ግራውንድ፣ ከ6 እስከ 8 ያሉት ደግሞ መውጫ ናቸው። መውጫዎቹ የሚቆጠሩት በግልባጭ ስለሆነ የ1ኛው እግር ሲግናል የሚወጣው በ8ኛው ነው፤ ቀይና ሰማያዊ ተቀያይረው ከታዩ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

ቺፑ የገባለትን ቮልቴጅ በሁለት እጥፍ ያሳድጋል፤ ይህ ግን ምስሉን ለማድመቅ የታሰበ አይደለም። በእያንዳንዱ መውጫ ላይ 75 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ይገባል፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥም ሌላ 75 ኦም አለ፣ ሁለቱም ቮልቴጁን እኩል ይካፈሉታል። በመሆኑም 0.7 ቮልት ሆኖ የገባው ሲግናል 1.4 ከሆነ በኋላ በኬብሉ ጫፍ ተመልሶ 0.7 ቮልት ይሆናል፤ ቴሌቪዥኑ የሚጠብቀውም ይህንኑ ነው። ሬዚስተሩን የዘለለ ሰው ነጩ ቦታ ሁሉ ያበጠበት ምስል ያያል። ኬብሉ የራሱ 75 ኦም ሬዚስተር እያለው ቦርዱ ላይ ሌላ የጨመረ ደግሞ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚደርሰው 0.47 ቮልት ገደማ ብቻ ስለሚሆን ምስሉ ይጨልምበታል። የተገዛን ኬብል ከፍቶ ማየት አሰልቺ ቢሆንም ከመበየድ በፊት ሊደረግ የሚገባው፣ በእኔ እምነት፣ ይህ ነው።

ኃይሉን ከማሽኑ 5 ቮልት መስመር መውሰድ ይቻላል። በ4ኛው እግርና በግራውንድ መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተቻለ መጠን ወደ ቺፑ ተጠግቶ መበየድ አለበት፤ ከራቀ የኃይል መስመሩ ረብሻ ወደ ምስሉ ሊገባ ይችላል። የመግቢያ ሽቦዎቹም አጭር ይሁኑ።

ቺፑ ከ8.5 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን የሚቀንስ ማጣሪያ በውስጡ አለው። ለተራ የቴሌቪዥን ጥራት ይህ በቂ ነው፤ የፒክሰሎቹ ጠርዝ ትንሽ ለስለስ ማለቱ የማይዋጥለት ሰው ማጣሪያውን መዝለል የሚያስችለውን ባለ አራት መስመር ቲኤችኤስ7374 ይመርጣል። ሦስቱ የቀለም መስመሮች ብቻቸውን ምስሉን አያቆሙትም፤ የሲንክ መስመሩም፣ ማለትም እያንዳንዱ የምስል መስመርና ምስል የት እንደሚጀምር ለቴሌቪዥኑ የሚነግረው ሲግናል፣ በሌላ ሽቦ መምጣት አለበት፣ ይህ ሲግናል በዲጂታል ደረጃ (ለቴሌቪዥኑ በበዛ ቮልቴጅ) ላይ ከሆነም ወደ ቴሌቪዥኑ ከመድረሱ በፊት በሬዚስተር ዝቅ መደረግ ይኖርበታል።